የይመር እጅና የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው የከተማውን መከራ ሁሉ በሁለት ቅጂ ያነባል። የእኔዋ ቤት ደግሞ እዚህ መካነ ሰላም ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ስለሆነች መከራው ተመርጦ፣ ማኅተም ተመትቶበት ነው የሚመጣልኝ። አንብብ ያለኝ የለም። ግን ማሽኑ ወረቀቱን እስኪተፋ ድረስ ጣራ ጣራ እያዩ መቆም አይሆንልኝም፤ ዓይኔ ይንሸራተታል። እናንተም ብትሆኑ ታነቡ ነበር፤ አትዋሹኝ። በዚህ ዓይነት ሳልማር የለቀምኩት ሕግ ቀላል አይደለም። ጠበቃ ግን አይደለሁም፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ሂድና ባለሙያ አማክር» ነው መልሴ። ሆኖም አንዲት ቃል አለች፤ ባየኋት ቁጥር ደግሜ ደግሜ የማነባት። ይርጋ ትባላለች።

ይርጋ ማለት በአጭሩ፣ መብትህን ሳትጠይቅ ልትቆይ የምትችልበት የመጨረሻው ድንበር ነው። ከዚያ ካለፍክ እውነትህ እውነት ሆኖ ይቀራል፣ ጉዳትህም ጉዳት ሆኖ ይቀራል፣ ክስህ ብቻ ይሞታል። ብድሩም፣ ኪራዩም፣ ደመወዙም የየራሱ ጊዜ አለው፤ አንዳንዱ ረጅም፣ አንዳንዱ አጭር። የሥራ ነገር ከአጫጭሮቹ ነው። ያላግባብ የተባረረ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ለማለት ጥቂት ወራት ብቻ ነው ያለው። በሥራ ላይ አካሉ የጎደለ ሰው ካሳ ለመጠየቅ ያለው ደግሞ አንድ ዓመት ነው። የመብራት ቆጣሪ ታውቁ የለ፣ እናንተ ተኝታችሁ እሱ የሚዞረው? ይርጋም እንደዚያ ነው የሚዞረው።

በእኛ አገር ደግሞ «ከሰሰ» የተባለ ሰው ግማሽ ወንጀለኛ ነው። በምን ከሰሰ፣ ምን በድለውት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሽማግሌ ሳይልክ?» የሚል ነው። የከተማችን ስም ራሱ የሰላም ቦታ እያለ ከሳሽን ያሳቅቃል። ሽምግልናን እያማሁ እንዳይመስላችሁ። ደም ያደረቀ፣ ትዳር የመለሰ፣ የወሰን ጠብ ያበረደ ሽምግልና በዓይኔ አይቻለሁ። ሼሁና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሲመርቅ ሌላው አሚን የሚልበት አገር ላይ ነው ያደግሁት፤ ይህን በዋዛ አላየውም። የምለው ሌላ ነው። ሽማግሌ አይቸኩልም፤ መቸኮል ለእሱ ብልግና ነው። ሕግ ደግሞ አይጠብቅም። ሁለቱ አንድ ምስኪን ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ይመር ጎረቤቴ ነው። ከገበያው በታች ባለው የአቶ ደርሰህ ወፍጮ ቤት ለዓመታት እህል ፈጭቷል። ሽፋሽፍቱ ድረስ ነጭ ሆኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ ልጆች ይስቁበት ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር። ወፍጮው አፍ ላይ ቆሞ ዱቄቱን በቀኝ እጁ ጣቶች አሸት ያደርግና «ይህ ገና ነው፣ ይደገም» ይላል። ሴቶቹ እሱ ካልፈጨው በቀር እህላቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። አንድ የኅዳር የገበያ ቀን፣ ወፍጮ ቤቱ በሰውና በጆንያ ታጭቆ ሳለ፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ ከመዘውሩ ወጣ። የቺንጋው መከለያ ከተነሳ ቆይቷል፤ ቺንጋ በወጣ ቁጥር መከለያ ፈቶ መግጠም ሥራ ያጓትታል ተብሎ ነው የተነሳው። ይመርም «ጋሽ ደርሰህ፣ ይህ ነገር ይከደን» ብሎ ያውቃል። «እናስከድነዋለን» ተብሎም ያውቃል። ያን ቀን ቺንጋውን ልመልስ ሲል ቀኝ እጁን ይዞት ገባ። ደሴ ወስደውት ሐኪሞቹ ያደረጉት ከአንጓው በላይ መቁረጥ ብቻ ነበር።

አቶ ደርሰህ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን መናገር ይጠበቅብኛል፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ እንዲህ ባልተበላሸም ነበር። የሐኪም ቤቱን ከፈሉ። ይመር ከደሴ ሲመለስ ሼህ አደምንና ቄስ ጥበቡን አስከትለው ቤቱ ድረስ መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። አቶ ደርሰህ የተጠቀለለውን ክንድ ሲያዩ እንባቸውን መግታት አቃታቸው። «እጅህን የበላው የእኔ ወፍጮ ነው፤ ካሳህ በእኔ ላይ ነው። ወላሂ አልክድህም» አሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን በእኛ አገር ነገሩ ሲጠብቅ ሁሉም ወላሂ ይላል።

የይመር ሚስት ሐዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሐዋ ዝምተኛ ናት። ያን ዕለት ግን አፏን ከፈተች።

«ጋሽ ደርሰህ፣ አላህ ይስጥልን። ይህችን ቃልዎን በወረቀት ቢያሰፍሩልን ምን ይመስልዎታል?»

አቶ ደርሰህ እንባቸውን ጠረጉና ወደ መሬት አዩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ እስክሪብቶ ቢሰጧቸው ይፈርሙ ነበር። ከሁሉም በላይ የተከፉት ሼህ አደም ናቸው።

«ሐዋ ልጄ፣ ሰውየው እያለቀሰ ወረቀት ትጠይቂዋለሽ?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «እኛስ ለምን ተቀመጥን?»

«የሰው ቃል ይበልጣል» አሉ ቄስ ጥበቡ። ሐዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀት ያነሳ ሰው አልነበረም። ካሳው ስንት ይሁን የሚለው ብቻ ቀረ፤ እሱም ለሚመጣው ጊዜ ተቀጠረ።

ጥር ሲገባ አቶ ደርሰህ ልጃቸውን ዳሩ። በሰርግ መሃል የካሳ ነገር አይነሳም። ከዚያ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተያይዘው መጡ። ቄሱ ጾመኛ፣ ሼሁ ጾመኛ፣ ይመር ራሱ ጾመኛ፤ ማን ማንን ያነጋግራል? ከፋሲካ በኋላ የቄስ ጥበቡ ወንድም ወረኢሉ ላይ አረፈ። አርባው እስኪወጣ ተባለ። አርባው ሲወጣ ዝናቡ ጀመረ፤ አቶ ደርሰህ እርሻቸው ላይ ከረሙ። መስከረም ጠባ። «አሁንማ እህሉ ይግባና ተረጋግተን እንጨርሰዋለን» ተባለ። በየመሃሉ ሼህ አደም የይመርን ቤት ሳያዩ አያልፉም፤ ደጁ ላይ ቆመው «አብሽር፣ ሰውየው ቃሉን አልለወጠም» ይሉታል። ውሸት አልነበረም፤ እስከዚያን ጊዜ አልለወጡም። ከቀጠሮዎቹ ውስጥም የሐሰት ምክንያት የተሰጠበት አንድም የለም። ሰርጉም፣ ጾሙም፣ ሐዘኑም፣ ዝናቡም እውነት ነበር።

ይመር ታዲያ በምን ይኑር? ወፍጮው ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሯል። በግራ እጁ ጆንያ ልሸከም ብሎ ሞከረ፤ ጆንያ በአንድ እጅ አይነሳም። ሐዋ የሆቴሎችን አንሶላ ታጥባለች። ካሳው ሲመጣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ሊከፍቱ አስበዋል፤ ሳሙና፣ ጨው፣ የሞባይል ካርድ፣ በአንድ እጅ የሚሸጥ ነገር ሁሉ። ይህን ሱቅ ይመር ለእኔ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል፤ መደርደሪያው በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር። ሱቁ ለሌላ አይደለም። ልጃቸው ዘምዘም እንድትቀርላቸው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነበር፤ ጎበዝ ተማሪ ናት። የቤቱን ነገር እያየች «ዓረብ አገር ልሂድ» ማለት ጀምራለች፤ የሚወስድም ሰው አላጣችም። ይመር «ካሳው ሲመጣ» እያለ ነው ያቆያት።

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ እንደገባ ሐዋ ወደ ሱቄ መጣች። የዘምዘምን መታወቂያ ኮፒ እንዳደርግላት ነው የፈለገችው። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ኮፒውን እያነሳሁ «ሐዋ፣ ለምን ፍርድ ቤት አትሄዱም? ለሠራተኛ ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም፤ እኔ እንኳ አውቃለሁ» አልኳት።

«ይመር እሺ አይለኝም። ሼሁን ምን ብዬ አያቸዋለሁ ይላል።»

«ሼሁ ዘምዘምን አያስቀሯትም።»

ይህን ስላት የይርጋው ቆጣሪ ዞሮ መጨረሱ ትዝ አላለኝም። በማግስቱ ይመርን እየጎተተች ይዛው መጣች፤ ክሱ ተጽፎ ገባ። ያን ሳምንት ከተማው ምን እንዳለ ልንገራችሁ? «ይመር ሽማግሌ ረግጦ ከሰሰ።» ያችው ናት። ስለ ተቆረጠው እጁ ያነሳ የለም።

አቶ ደርሰህ መጥሪያው ሲደርሳቸው መጀመሪያ አላመኑም፤ ቀጥሎ አዘኑ፤ በሦስተኛው ቀን ደሴ ሄደው ጠበቃ ያዙ። ጠበቃው መልሱን ይዞ የመጣው ለማን ይመስላችኋል? ለእኔ ነው። «በሁለት ቅጂ» አለኝ። ማሽኑ የመጀመሪያውን ገጽ ሲተፋ ዓይኔ እንደ ልማዱ ተንሸራተተ፤ «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» ይላል። ከሥሩ ያችው ቃል አለች። ጉዳት አልደረሰበትም አይልም። ወፍጮው የእኔ አይደለም አይልም። ዓመት አልፎታል ነው የሚለው፤ በቃ። ሂሳቤን ተቀበልኩ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይርጋን ፍርድ ቤቱ ራሱ አያነሳውም። የተከሰሰው ሰው ካላነሳው እንዳልነበረ ይታለፋል። አቶ ደርሰህ «ይህችን ተዋት» ቢሉት ጠበቃው ይተዋት ነበር። ይህን ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።

«ጋሽ ደርሰህ፣ ዝም ማለት ይቻል ነበር እኮ።»

«እንድሪስ፣ እኔ ሕግ አላውቅም፤ የሚያውቀው ጠበቃው ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «ከሰሰኝ እኮ» አሉ። «ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቼው፣ እንደ ሌባ አስጠራኝ።»

በጣም ተናደድኩ፤ ነገር ግን የተከፉት ከልባቸው ነበር። ክሱ ከቃላቸው የፈታቸው ነው የመሰላቸው። አንድ ዓመት ሙሉ አንገታቸው ላይ የነበረው ዕዳ በአንድ መጥሪያ ወርዶ ይመር አንገት ላይ ተንጠለጠለ፤ በዳዩ ይመር ሆነ፣ እርፍ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ይመርን ጠየቀችው፦ «ተከሳሽ ካሳ እንደሚከፍሉህ በጽሑፍ አምነውልሃል? ወይም ከካሳው ከፍለውህ ያውቃሉ?» ይመር ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ሼህ አደም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ቄስ ጥበቡም አብረው ተነሡ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኛ አለን» አሉ ሼሁ። «ሰውየው አምኗል። በጆሯችን ሰምተናል። ቁርኣን ያዙ ቢሉን እንይዛለን።»

«አባቶች፣ መስማታችሁን አልተጠራጠርኩም» አለች ዳኛዋ። «ሕጉ የሚቀበለው በጽሑፍ ያመነውን ነው። ተከሳሽ ለሐኪም ቤት የከፈሉበትን ቀን መነሻ አድርጌ ብወስድ እንኳ ዓመቱ አልፏል። ሽምግልና ጊዜውን አያቆመውም።»

ሼህ አደም አልተቀመጡም። እንደቆሙ ቀሩ፤ ምን እንደጠፋባቸው የሚፈልግ ሰው ይመስሉ ነበር። ሐዋ እሳቸውን አላየችም፤ እኔ ግን እሷን እያየሁ ነበር። ወረቀት ጠይቃ ከቤት በወጣችበት ቀን እንዳደረገችው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ይመር ብቻ ነው የተናገረው። «ዓመት ስለሞላው እጄ በቀለ እንዴ?» አለ።

ዳኛዋ «አልበቀለም» አለች። ከዚያ ክሱ ውድቅ መሆኑን አነበበች። ይግባኝ ማለት እንደሚችልም ነገረችው። ይግባኝ ደሴ መመላለስ ነው፤ ለመሳፈሪያ የሚሆን ነገር እነሱ ቤት አልነበረም።

ዘምዘም በሳምንቱ ሄደች። ጠዋት አውቶቡስ ተራ ላይ፣ ሱቁ ሊከፈት ከታሰበበት ቦታ አጠገብ ተሳፈረች። ይመር ሻንጣዋን በግራ እጁ ይዞ እስከ አውቶቡሱ በር ወሰደላትና ተመልሶ እኔ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው መጥቶ የልደት ካርድ ኮፒ ጠየቀኝ፤ እንኳን መጣልኝ ብዬ ተነሳሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ በወደድኩ። ግን ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። በዚህኛው ጊዜ ጾምም፣ ሰርግም፣ አዝመራም አላገዳቸውም፤ ዘምዘም በሄደች በሳምንቱ የይመር ቤት ሞላ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ይመር ከሷልና ከአቶ ደርሰህ ጋር ይታረቅ ተብሎ ነው። «ሞት አለ፣ ቀብር አለ፣ አንድ ከተማ እየኖሩ መኮራረፍ አይሆንም» አሉ ቄስ ጥበቡ። አቶ ደርሰህ አንድ በግና አንድ ጆንያ ጤፍ አስመጥተዋል። ካሳ እንዳይባል ተጠንቅቀው «የእርቅ ነው» አሉ፤ ይህን ያስተማራቸው ጠበቃው ይሁን ልባቸው አላውቅም። እኔን በጎረቤትነት ጠሩኝ።

ሼህ አደም ከችሎቱ ቀን ወዲህ ከስተዋል። አሁን ግን በሚያውቁት ሥራ ላይ ናቸውና ድምፃቸው ተመለሰ። ዱዓ አደረጉ፣ ሁላችንም አሚን አልን። ይመርም አሚን አለ። አጠፋህ ሲሉት «ካላችሁ እሺ» አለ። ይቅር በለው ሲሉትም «እሺ» አለ። ሁሉም ነገር እሺ ነበር።

«እንግዲህ ተነሡና እጅ ለእጅ ተያያዙ» አሉ ሼሁ። አቶ ደርሰህ ተነሥተው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ይመርም ተነሥቶ ግራ እጁን ዘረጋ።

አቶ ደርሰህ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ቤቱ ተላወሰ። በግራ እጅ እርቅ አይጸናም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እጁ የጎደለ ሰው ደግሞ ክንዱን ይሰጣል፤ ይህንንም ሁላችንም እናውቃለን። ሼህ አደም ጠጋ ብለው እንደ አባት ትከሻውን ያዙት።

«ይመር ልጄ፣ በቀኝህ ነው እንጂ። ክንድህንም ቢሆን ስጠው።»

«ሼሁ፣ ቀኙን እንኳ አንዴ ሰጥቼዋለሁ» አለ ይመር።

ቁጣ አልነበረበትም፤ የጠየቁትን ነው የመለሰላቸው። አቶ ደርሰህ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ። ይመር ግራውን አልመለሰም፤ እንደተዘረጋ ነው። ሽማግሌዎቹ ወደ ጥግ ሄደው ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። የግራ እጅ ይቆጠር አይቆጠር፣ ከሌላ ዐዋቂ ይጠየቅ አይጠየቅ የሚል ነገር ይሰማኛል። በጉ ደጅ ላይ ይጮኻል። በመጨረሻ ቄስ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ነገሩ ከባድ ስለሆነ ለቅዳሜ እንቅጠረው አሉ።

ቅዳሜ ተባለ። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን የለም።